ሆሴዕ 11ን ከማቴዎስ በፊት ማንበብ

ሕሊና፦ ናቲ፣ ባለፈው «እኛ ክርስቲያኖች ብሉይ ኪዳንን ስናነብ እንቸኩላለን» ብለህ ነበር። ከዚያ እንነሳ።

ናትናኤል፦ አሁንም እላለሁ። ክርስቶስን የሚያመለክት ጥቅስ ፍለጋ እንገባለን፤ ስናገኝ እናሰምርበታለን፣ ካጣን ገጹን እንገለብጣለን። «ልጄን ከግብፅ ጠራሁት» የሚለውን ውሰጂ፤ ሆሴዕ 11፥1።

ሕሊና፦ ብዙ ሰው እኮ የሚያውቀው ከማቴዎስ ነው፤ ሕፃኑ ኢየሱስ ከሄሮድስ ሲሸሽ።

ናትናኤል፦ ልክ ነሽ። ሆሴዕን ራሱን ስታነቢ ግን ነቢዩ ወደ ኋላ ነው የሚያየው፣ ወደ ዘፀአት። ልጁ እስራኤል ነው። ቁጥር 2 ላይ ደግሞ ለበኣል ሲሠዉ ታገኛለሽ።

ሕሊና፦ ብዙዎች የሚደነግጡት እዚህ ጋ ነው። ማቴዎስ ጥቅሱን ከቦታው ነቅሎ ወሰደው ወይ?

ናትናኤል፦ በፍጹም አይመስለኝም። ማቴዎስ የያዘው ታሪኩን በሙሉ ነው። ምዕራፍ 2 ከግብፅ መውጣት፣ ምዕራፍ 3 ውኃ፣ ምዕራፍ 4 ምድረ በዳ። እስራኤል 40 ዓመት፣ ኢየሱስ 40 ቀን። ለፈታኙ የሰጣቸው ሦስት መልሶችስ ከየት ናቸው?

ሕሊና፦ ከዘዳግም።

ናትናኤል፦ ከምዕራፍ 6 እና 8። ሙሴ ያንኑ የምድረ በዳ ዘመን እያስታወሰ ሕዝቡን የሚመክርበት ቦታ ነው! ሕዝቡ በተሰናከለበት ይህ ልጅ ጸና። የፊተኛውን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ ይህን ከየት ያየዋል?

ሕሊና፦ እስማማለሁ፤ ግን ከዚያ ተነስቶ «እንግዲህ እስራኤል ተጣለ» የሚል አለ። ይህ ያሳስበኛል። ሆሴዕ ራሱ እንደዚያ አይልም። ቁጥር 3 ላይ እግዚአብሔር ኤፍሬምን፣ ማለትም እስራኤልን፣ ክንዱን ይዞ መራመድ ያስተማረ አባት ነው። ቁጥር 8 ላይ ልጁን አሳልፎ መስጠት አቅቶት ልቡ ይናወጣል። ጳውሎስም ሮሜ 11 ላይ «እግዚአብሔር ሕዝቡን ጣለን?» ብሎ ጠይቆ «አይደለም» ብሎ ነው የሚመልሰው። አይሁድ ዛሬም ይህን መጽሐፍ ያነባሉ፣ ይጸልዩበታል፤ የእኛ ብቻ አድርገን ማውራት የለብንም።

ናትናኤል፦ ልክ ነው፣ ይህ መባል አለበት። በዚያው «የብሉይ አምላክ ቁጡ፣ የሐዲሱ ርኅሩኅ» የሚለውም ይቅር። ማርሲዮን የተባለ መምህር በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማረው ይህንኑ ነው። ብሉይን ጨርሶ ተወ። ከወንጌላት የያዘው ሉቃስን ብቻ ነበር፤ አባቶች እንደጻፉት እሱንም ቆራርጦ ነው።

ሕሊና፦ መቆራረጡ አይገርምም፤ ብሉይ ሲወጣ ሉቃስም አብሮ ይፈርሳል። ምዕራፍ 24 ላይ ከሞት የተነሣው ጌታ በኤማሁስ መንገድ የሚያስተምረው ከሙሴና ከነቢያት ጀምሮ ነው።

ናትናኤል፦ ሁለቱ ተጓዦች ደግሞ መጻሕፍቱን ከልጅነት ጀምሮ የሰሙ አይሁድ ናቸው። ለእነሱ ማብራራት የሚቻለውም ለዚህ ነው። እኛ የምንፈልገው ማብራሪያውን ብቻ ነው፤ የሚብራራውን ሳናነብ።

ሕሊና፦ ለአድማጮቻችን ምን ትመክራለህ?

ናትናኤል፦ ሆሴዕ 14 ምዕራፍ ነው፣ በአንድ መቀመጫ ያልቃል። ማቴዎስን ሳይከፍቱ ይጨርሱት። ምዕራፍ 11 ሲደርሱ ቆም ብለው ሁለቴ ያንብቡት። ማቴዎስ ከ1 እስከ 4 በማግስቱ ይሁን።

ሕሊና፦ ያነበባችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ክፍል ከጥያቄዎቻችሁ እንጀምራለን።