እንትን የሚባል የአካል ክፍል የለም

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና እንግዶቻችን፤ እንኳን ለዓለም የኦቲዝም ቀን አደረሳችሁ። አዘጋጆቹ የጠየቁኝ የቀኑን ታሪክ እንድናገር ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በ2007 እ.ኤ.አ. ወሰነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 24 ይውላል። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ወደ መጣሁበት ልግባ።

የጆይ ኦቲዝም ማዕከል መሥራች ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷን በገነት ያኑርልን፣ ስለ ልጇ በአደባባይ ተናግራ ብዙዎቻችንን ከጓዳ አውጥታናለች። ከዚያ ወዲህ ግን ልጆቻችን ጎረመሱ።

ልጄ 15 ዓመት ሲሞላው «ልብስ የሚወለቀው ቤት ውስጥ ነው» እያልኩ ለሳምንታት አስተማርኩት። የሚያዝያን ሙቀት ታውቁታላችሁ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ቡና ተጠርተን ሄድን። ቶናው ሲቀዳ ልጄ ብድግ አለ፤ ሽርጡን ፈታ፤ አራት ቦታ አጣጥፎ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠና ተመልሶ ቁጭ አለ። ሴቶቹ ጮኹ፤ አንዷ ነጠላዋን ወረወረችለት። እኔም «ነውር!» ብዬ ጮኽኩበት። እርሱ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና «ቤት ውስጥ ነን እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ትምህርቱ «በራስህ ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ፣ ብቻህን ስትሆን» የሚል ነው፤ ሥዕሉም በሩ ላይ ተለጥፏል። ወራት ፈጅቶብናል።

የድሬ ሰው ግልጽ ነው እያልን እንኮራለን። ታዲያ «ብልት» የሚለው ቃል ልጃችን ፊት ሲሆን ለምን ጉሮሯችን ላይ ይቀራል? «እንትንህን አትንካ» እንለዋለን። ጠዋት «እንትኑን አቀብለኝ» ያልነው ጭልፋውን ነበር! የሰማውን ቃል በቃል የሚይዝ ልጅ ከዚህ ምን ይማር?

«ልጄ መልአክ ነው፣ ምንም አያውቅም» የምትሉኝ አላችሁ። የመልአኩ ጢም ከእኩዮቹ ጋር ነው የበቀለው፤ ሕልመ ሌሊትም አልዘለለውም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ፣ ትልቅ ሰው ያዘዘውን ሁሉ «እሺ» እንዲል አሠልጥነን ማሳደጋችን ነው። አንድ ቀን ክፉ እጅ ቢነካውስ? «እምቢ» ማለትን አላስተማርነውም። የገዛ አካሉን ስም አልነገርነውም። በምን ቃል ይክሰስ?

ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ሞዴሱን የወር አበባዋ ከመምጣቱ በፊት አሳዩአት፤ በእጇ ትዳስሰው፣ አድርጋ ትልመደው። ደም ባየች ቀን ማስረዳት መጀመር ማስደንገጥ ነው።

ስለ ፍቅር ብዙ አልልም። ባለፈው ሳምንት ልጄ «ሚስት የት ትገኛለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ከፊራ ገበያ እንደማትሸጥ ነግሬዋለሁ፤ የቀረውን መልስ እያሰብኩበት ነው። የተሻለ መልስ ያላችሁ ከሻይ በኋላ ጠጋ በሉኝ።