ስለ ኦድፌሎውስ ማኅበር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኦድፌሎውስ የሚባለው የእንግሊዞች ማኅበር መቼና ለምን ተቋቋመ?

መልስ፦ በዚህ ስም የሚጠሩ ማኅበራት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ነበሩ፤ ዛሬ የሚታወቀው የማንችስተሩ ኅብረት ግን የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1810 ነው። በዚያ ዘመን ሠራተኛው ሲታመም ደመወዙም አብሮ ይቆም ስለነበር፣ አባላቱ ከሚያዋጡት ገንዘብ ለታመመው የዕለት ጉርስ፣ ለሞተው ማስቀበሪያ ይሰጥ ነበር። ከማኅበሩ ምስጢራዊ ምልክት ይልቅ የሒሳብ መዝገቡን ላየ ሰው ከእኛ እድር ብዙም አይርቅበትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ አባላቱ የሚተዋወቁበት የምስጢር የይለፍ ቃል ለምን አስፈለገ? የምስጢር ሃይማኖት ነው?

መልስ፦ ሃይማኖት አይደለም። ሥራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ የሚዞር አባል በማያውቁት ወንድሞች ፊት ቀርቦ ርዳታ ሲጠይቅ፣ የፎቶግራፍ መታወቂያ በሌለበት ዘመን፣ አባልነቱን የሚያስረዳው በይለፍ ቃሉና በእጅ አጨባበጡ ነበር። ደግሜ እላለሁ፣ ምልክቱን ትታችሁ መዝገቡን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዛሬም አለ?

መልስ፦ አለ፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱም ማንችስተር ነው።

ጥያቄ፦ በስልኬ የዓይን ሥዕል ያለበት መልእክት ደረሰኝ። «የወንድማማች ማኅበሩ አባል ከሆንክ ትበለጽጋለህ፤ የመመዝገቢያ ገንዘብ ላክ» ይላል። ልላክ?

መልስ፦ አትላክ! ልጄ፣ ይህ ጥያቄ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም፤ ስለዚህ ታገሡኝና ዘርዘር አድርጌ ልናገር። ዓይኑ በእርግጥ ከማኅበሩ አሮጌ ሥዕሎች አንዱ ነው፤ ሥዕልን ግን ማንም ይገለብጣል። የማኅበሩ ዓላማ ሕመምና ሞት ቤተሰብን እንዳይበትኑ መከላከል እንጂ አባልን ማበልጸግ አልነበረም። በእንግሊዝ የመረዳጃ ማኅበራት ዘንድ የገንዘቡ ሣጥን ብዙ ጊዜ ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፎቹ በሦስት ሰዎች እጅ ስለሚያዙ ሦስቱ ካልተገናኙ አንዲት ሽልንግ አትወጣም። በየስብሰባው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሰዎች እንዲህ ተጠባብቀው ሳለ፣ አንተ ፊቱን ላላየኸው ሰው ገንዘብ ልትልክ ነው? ቅንነትም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ወጣቱና ሽማግሌው እኩል የሚያዋጡባቸው ብዙ ማኅበራት፣ አባላቱ ሲያረጁና የሕመም ክፍያው ሲበዛ ካዝናቸው ተራቁቶ ፈርሰዋል። የማንችስተሩ ኅብረት ጸሐፊ ሄንሪ ራትክሊፍ የአባላቱን የሕመምና የሞት መዝገብ አስልቶ በ1850 ሠንጠረዥ ያሳተመውም መዋጮው በዕድሜ እንዲተመን ነው። አስቀድመህ ልከህ ከሆነ ግን የታሪክ ሰው ምንም አይፈይድልህም፤ ደረሰኙን ይዘህ ዛሬውኑ ወደ ባንክህና ወደ ፖሊስ ሂድ።

ጥያቄ፦ ማኅበሩ ለምን እንደ ቀድሞው አልቀጠለም?

መልስ፦ የ1911 የብሔራዊ ኢንሹራንስ ሕግ እንዲህ ያሉ ማኅበራትን የመንግሥቱ መድን አስፈጻሚ አድርጓቸው ነበር፤ በ1948 ግን መንግሥት ሕክምናውንም የሕመም ክፍያውንም በራሱ እጅ አደረገው።