ውድ ስፖርት መኪና በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንዴት ይፈተናል?

[ምስል፦ ለገሃር፣ ማለዳ። መኪናው ጥግ ይዞ ቆሟል። ከኋላ የሚኒባስ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል ይሰማል።]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ?

ይሄ የቆመው ፖርሽ ታይካን ነው፤ በባትሪ የሚሄድ የጀርመን ኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና። የኛ አይደለም። ባለቤቱ አምኖ ቁልፉን ሰጥቶናል። አምኖ ስል፣ ራሱም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። «እኔ ዝም ብዬ አያለሁ» ብሏል። እስቲ እናያለን።

ከጎኔ ደግሞ ጋሼ አሉ። መካኒክ ናቸው። ከቮልስ ጀምሮ እጃቸው ያልገባበት ኮፈን የለም። ዛሬ ግን ኮፈን አይከፍቱም። የፈለግነው ጆሯቸውን ነው።

ስለ እንዲህ ዓይነት መኪና የሚወራው ሁሉ በአንድ ቁጥር ይጀምራል፤ ከዜሮ እስከ 100 በስንት ሰከንድ? የወቅቱ ፈጣኑ ታይካን፣ «ተርቦ ኤስ» የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ 2.8 ሰከንድ ተብሏል። (ስሙ ነው እንጂ ተርቦ የለውም።) እሺ፣ ይገርማል። ግን ከለገሃር እስከ ፒያሳ የቱ ጋ ነው 100 የምትገቡት? የትም። ስለዚህ ቁጥሩን እዚሁ እንተወው።

የኔ ክርክር ይሄ ነው። የስፖርት መኪና ጥራት በ30 ኪሎ ሜትርም ይታወቃል። መሪውን ገና ትንሽ ስታዞሩት፣ ፍሬኑን ገና ስትነኩት፣ ኮብልስቶን ላይ ስትወጡ። ፈጣን መንገድ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። መሃል አዲስ አበባ ግን ምንም አትሸፍንም።

ለምን ኤሌክትሪክ መረጣችሁ የሚል አይጠፋም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አዲስ ስፖርት መኪና ማለት እዚህ አገር ኤሌክትሪክ ማለት ነው። የቤንዚን ድምፅ የናፈቀው ቀድሞ የገባውን ይፈልግ።

[ምስል፦ የበሩ እጀታ በቅርበት።]

ከውስጡ እንጀምር። ሰው በር ሲከፍት ዓይኑ ቀጥ ብሎ ስክሪኑ ላይ ነው። እናንተ ግን በሩ ላይ ቆዩ። ሁለት ጊዜ ዝጉት። አንዴ መስኮቱ እንደተዘጋ፣ አንዴ በግማሽ ወርዶ። መስኮቱ ሲዘጋ የምትሰሙት ያ «ድም» የሚል ድምፅ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። መሐንዲሶች በመቆለፊያውና በዙሪያው ጎማ ብዙ ደክመውበታል። ስለዚህ እሱ ብዙ አይነግራችሁም። መስታወቱ በግማሽ ሲወርድ ግን የሚደግፈው ይቀንሳል። የታይካን በር ደግሞ መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዝ ፍሬም የለውም። በሩ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ ያኔ ይወጣል።

ጋሼ በሩን ዘጉት። ደገሙት። «ደህና ነው» አሉ። ከሳቸው አፍ ይሄ ሙገሳ ነው።

አሁን እጃችሁን ወደ ታች ስደዱ። አምራቾች ገንዘብ የሚያወጡት ዓይን ባለበት ነው። የሚቆጥቡት ከጉልበት በታች ነው። ዳሽቦርዱ ከላይ ቆዳ ለብሶ፣ የበሩ ኪስ ግን እንደ ጆግ ደረቅ ፕላስቲክ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የወንበሩን ሐዲድ፣ የመሪውን ሥር፣ የኪሱን ጠርዝ ዳስሱ። ጣት የሚቧጭር ጠርዝ በዚህ ዋጋ መኪና ላይ ይቅርታ የለውም። የበሩ ኪስ ውስጡ ለስላሳ ጨርቅ ከተለጠፈበት፣ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ቁልፍና ሳንቲም ድምፅ አስቧል ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለው ነገር ከስክሪን ይበልጥብኛል።

ስለ ቆዳ ለእኛ ብዙ መንገር አያስፈልግም። የኢትዮጵያ የበግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። የመኪና ወንበር ግን አብዛኛውን ጊዜ የከብት ቆዳ ነው፤ ወፈር ያለና ፀሐይና ላብ እንዲችል ላዩ የተቀባ። በአውራ ጣት ጫን በሉት። እውነተኛው ቆዳ በጣታችሁ ዙሪያ ጥቃቅን ሽብሽብ ይሠራል። ደግሞ «ሙሉ ቆዳ» ሲሏችሁ የወንበሩን ጀርባና የበሩን ታችኛ ክፍል ነክታችሁ እመኑ። ብዙ ጊዜ ቆዳው ሰውነት የሚነካው ቦታ ላይ ያበቃል።

ስፌቱን ደግሞ ከጎን ሆናችሁ እዩት። ፊት ለፊት ሁሉም ቀጥ ያለ ይመስላል። ዳሽቦርዱ ታጥፎ ወደ በሩ የሚዞርበት ጥግ ላይ መርፌው ርቀቱን ጠብቋል ወይ? ክሩ ተጎትቷል ወይ? ጥጉ ላይ ያልተበላሸ ስፌት ሌላም ቦታ አይበላሽም።

ቆዳ የማይወዱ አልካንታራን ይመርጣሉ። እንደ ከፋይ ለስላሳ የሆነው የጣሊያን ጨርቅ ነው፤ ከፖሊስተርና ከፖሊዩሬታን የሚሠራ። ፖርሽም ሬስ ቴክስ የሚለው ተመሳሳይ ጨርቅ አለው። መሪ ላይ ሲሆን እጅ አያንሸራትትም፣ ደስ ይላል። ግን ቅባት አይወድም። ጥብስ በልቶ እጁን ሳይታጠብ መሪ የሚይዝ ሰው ካላችሁ ቆዳውን እዘዙ።

የሚያብለጨልጨውን ጥቁር ፕላስቲክ በተመለከተ ብዙ አልልም። ሾሩም ውስጥ መስታወት ይመስላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አቧራ መቁጠሪያ ነው። በአማራጭ የሚቀየር ከሆነ ይቀየር።

[ምስል፦ ስክሪኑ። ጣት አየር ማስገቢያውን ለማዞር ሲፈልግ።]

ታይካን ውስጥ በጣት የምትጫኑት ነገር ጥቂት ነው። ብዙው በስክሪን ነው። ማብሪያው ግን በእጅ የሚጫን ነው፤ እሱም ከመሪው በስተግራ ነው። የመሃሉ አየር ወዴት ይንፈስ የሚለው እንኳ በስክሪን ነው የሚታዘዘው። ቴክኖሎጂው ጎበዝ ነው። እኔ ግን ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ግራ ቀኝ ሚኒባስ እየተጋፋኝ ስክሪን ውስጥ አየር አልፈልግም። ይሄ የኔ ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዩሮ ኤንካፕ፣ የአውሮፓው የመኪና ደኅንነት መዛኝ፣ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ከፍተኛውን ነጥብ የሚፈልግ መኪና ፍሬቻው፣ ሃዛርዱ፣ ክላክሱ፣ የዝናብ መጥረጊያውና የድንገተኛ ጥሪው የየራሳቸው በእጅ የሚነካ መቆጣጠሪያ ይኑራቸው ብሏል።

ፈተናው ቀላል ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ዓይናችሁን ጨፍኑና የመስታወቱን ጉም ማጥፊያ አብሩት። ጣታችሁ ካላገኘው፣ በክረምት ዝናብም አያገኘውም።

[ምስል፦ ቸርችል ጎዳና ሽቅብ።]

እንነሣ። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ቸርችልን ሽቅብ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ወረቀቱ ላይ 400 ፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ 300 ምናምን ሆኖ ነው የሚሠራው። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ጀርመን የነበረው ጉልበት ቸርችል ላይም አለ።

ስለዚህ ጉልበት አይጎድልም። የሚፈተነው አሰጣጡ ነው። ፊታችን አንድ ቪትዝ አለ፣ ይሄዳል ይቆማል። ፔዳሉን በጣም በትንሹ ስጫነው መኪናው ያንኑ ያህል ብቻ መሄድ አለበት። ዘሎ ከሄደ አበደ ማለት ነው። ዘግይቶ ከሄደም ተኝቷል። ይሄኛው እግሬን ይሰማል። ባለቤቱ ግን ከኋላ «ቀስ» አለ። ገና 15 ላይ ነበርን።

አሁን መሪው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል፤ ከባድ መሪ ጥሩ መሪ ይመስለዋል። «ስፖርት» የሚለውን ስትመርጡ መሪው ይከብዳል፣ ሰውም ደረቱን ይነፋል። ክብደት ሌላ ነው፣ ስሜት ሌላ። ጥሩ መሪ ጎማው ምን እንደረገጠ ለእጅ ይናገራል።

ድሮ መሪን የሚያግዘው በፓምፕ የሚገፋ ዘይት ነበር። አሁን ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ፖርሽ 911 በሚባለው ስመ ጥር የቤንዚን ስፖርት መኪናው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ትውልድ፣ ወደ ኤሌክትሪክ መሪ ሲዞር የመኪናው ወዳጆች ብዙ አጉረመረሙ። ምክንያት ነበራቸው። በዘይቱ ዘመን የመንገዱ ትንንሽ ንዝረት እስከ እጅ ይደርስ ነበር። ኤሌክትሪኩን ኮምፒውተር ነው የሚያዘው፤ የሚደርሰውንም የሚቀረውንም የሚመርጥ መሐንዲስ አለ። ጎበዙ መሐንዲስ ጉድጓዱን ያስቀርና የአስፋልቱን ጠባይ ያሳልፋል። ሰነፉ ሁሉንም ያስቀራል።

እንዴት ትለያላችሁ? መንገዱ ላይ ያለውን ነጭ መስመር በአንድ ጎን ጎማ ብቻ ቀስ ብላችሁ እርገጡት። ቀለሙ ከአስፋልቱ በጥቂቱ ከፍ ይላል። መሪውን በጣት ጫፍ ብቻ ያዙ። ጣታችሁ መስመሩን ካወቀው መሪው ሕያው ነው። ቀጥሎ አራት ኪሎ አደባባዩን ስትጨርሱ መዳፋችሁን ላላ አድርጉት። መሪው ራሱ፣ ሳይቸኩልና ሳይጎተት፣ ወደ ቀጥታው መመለስ አለበት።

አደባባዩ ላይ ሌላም ነገር አለ። ይሄ መኪና ከ2 ቶን በላይ ነው፣ ከባድ ነው። ግን ክብደቱን የያዘው ባትሪ ወለሉ ሥር ተኝቷል። ፖርሽ እንደሚለው የስበት ማዕከሉ ከ911ም ዝቅ ያለ ነው። ለዚህ ነው ሲዞር የማያዘነብለው። ባትሪው ወለል ውስጥ ሲገባ የኋላ ሰው ጉልበቱ አገጩ ጋ እንዳይደርስ፣ እግር የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ ትተውለታል። ባለቤቱን እንዴት ነው አልነው። «እግሬ ደህና ነው። ልቤ ነው» አለ።

[ምስል፦ ኮብልስቶን። የጋሼ መዳፍ ዳሽቦርዱ ላይ።]

ከዋናው መንገድ ወጣ ብለን ኮብልስቶን ገባን። ጋሼ ከመግባታችን በፊት አስቆሙን። የውሃ ጠርሙሱን አወጡ፣ የበሩን ኪስ ዳበሱ፣ ሳንቲም አወጡ፣ የባለቤቱን መነጽር ከመያዣው አንሥተው እቅፉ ላይ አኖሩለት። ሬዲዮም ማራገቢያም ጠፋ። «አሁን ሂድ» አሉ።

ኤሌክትሪክ መኪና እዚህ ላይ ምሕረት የለውም። በቤንዚን መኪና ሞተሩ ብዙ ድምፅ ይውጣል። እዚህ የሚውጥ የለም። የምትሰሙት ሁለት ዓይነት ነው። «ሲጥ» የሚለው ሁለት ነገር ተጣብቆ ሲፋተግ ነው፤ ቆዳ ከፕላስቲክ፣ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ። «ቀጭ ቀጭ» የሚለው የላላ ነገር ሲጋጭ ነው። የሽቦው ጥቅል በለስላሳ ጨርቅ ፕላስተር የሚጠቀለለው ለዚህ ነው፣ ዳሽቦርዱን ከውስጥ እንዳይቀጠቅጥ። ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚለጠጥ ደግሞ በጠዋቱ ብርድ ዝም ያለው ስምንት ሰዓት ላይ ሊጮህ ይችላል። ሁለቴ ሂዱበት።

ጋሼ መዳፋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ጫን አደረጉ፣ ከዚያ በሩ ላይ፣ ከዚያ የመሃሉ ኮንሶል ላይ። ሲጫኑት ዝም የሚል ድምፅ ካለ ምንጩ እሱ ነው። ዛሬ የተገኘው አንድ ነው፤ የጋሼ የራሳቸው የቁልፍ መያዣ።

ስፒድ ብሬከርም አለ። በአየር የሚሠራው ሰስፔንሽን መኪናውን ከፍ ያደርገዋል፣ የምትመላለሱበትንም ቦታ በጂፒኤስ አስታውሶ ስትደርሱ በራሱ ከፍ የሚልበት አሠራር አለው። በአንድ ሌሊት ለሚበቅለው ስፒድ ብሬከር ግን ጂፒኤስም መላ የለው።

[ምስል፦ ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ በኩል ቁልቁል።]

የመጨረሻው ፍሬን ነው። ለኔ ዋናው እሱ ነው። ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ፣ በሂልተን ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደው ቁልቁለት ለዚህ ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ኤሌክትሪክ መኪና ሁለት ፍሬን አለው። አንዱ ሞተሩ ነው፤ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ሌላው የምናውቀው ሸራና ዲስክ ነው። ፖርሽ እንደሚለው በዕለት ተዕለት መንዳት ከ10 ጊዜ 9ኙን የሚይዘው ሞተሩ ነው። እግራችሁ ያለው ግን አንድ ፔዳል ላይ ነው። የቱ መቼ እንደሚገባ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ርክክቡ ካላማረ ፔዳሉ መሃል ላይ ይላላል ወይ ይጠጥራል። ርክክቡ የሚጋለጠው ልትቆሙ የመጨረሻዋ ሜትር ላይ ነው። ፔዳሉን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ያዙና አብሮ የተቀመጠውን ሰው አንገት እዩ። ከነቀነቀ አላማረም። የጋሼ አንገት አልተነቃነቀም።

ይህንኑ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ሳለ ድገሙት። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ስለማይቀበል ሸራው ብቻውን ይሠራል። ፔዳሉ ያኔም ያው ከሆነ፣ ዋጋው የት እንደገባ አገኛችሁት።

ለማዘዝ የምታስቡ ካላችሁ ስለ ቸርኬ አንድ ነገር። አስመጪው 21 ኢንች ያሳያችኋል። ፎቶ ላይ ያምራል። የጎማው ጎን ግን ስስ ነው፣ ጉድጓዱን የሚቀበለው ቸርኬው ራሱ ይሆናል። እንዲህ ያሉት መኪኖች ብዙዎቹ ተጠባባቂ ጎማ አይዙም። 19 ኢንች ካለ እሱን ውሰዱ፤ መሪውም ብዙ አይጎዳም፣ ወገባችሁም ያመሰግናችኋል። የጎማው ልክ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ፎቶ አንሡትና ከመፈረማችሁ በፊት ጎማ ቤቶቹን ዞራችሁ ጠይቁ። ካልተገኘ ሁለት ጎማ አብራችሁ አስጭኑ።