ሳንባው ተንሳፈፈ፤ ታዲያ ምን?

ሰላም ሰላም! የዛሬው ርዕስ ከበድ ይላል፤ የጨቅላ ግድያ ታሪክ ነው። አጠገባችሁ ልጆች ካሉ የጆሮ ማዳመጫችሁን አድርጉ። ዓመተ ምሕረቱም፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ ነው።

እንግሊዝ፣ 1624። ፓርላማው ሕግ አወጣ። ያላገባች ሴት ወልዳ፣ ሕፃኑ ሞቶ፣ ሞቱን ከደበቀች ነፍሰ ገዳይ ናት፤ ቅጣቷም ስቅላት። "ሞቶ ነው የተወለደው" ካለች ምስክር ታምጣ፤ ቢያንስ አንድ። ልብ በሉ፣ የሚያስረዳው ከሳሽ አይደለም፤ እሷ ናት! ከአሠሪዎቿ ተደብቃ፣ ሌሊት፣ ብቻዋን የወለደች የቤት ሠራተኛ ምስክር ከየት ታመጣለች? ምስክር ቢኖርማ መች ተደበቀች። ባለትዳሯን ደግሞ ይኸው ሕግ አይነካትም። ጭራሽ።

ሕጉ ጨካኝ ሲሆን ሰው መውጫ ይፈልጋል አይደል? በ18ኛው ክፍለ ዘመን በለንደኑ ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት ተከሳሿ ለሚወለደው ልጅ ልብስ ወይም መጠቅለያ አዘጋጅታ ከነበረ "ልትደብቅ አላሰበችም" ተብላ ነፃ ትወጣ ነበር። ነፍስ በአንዲት ቁራጭ ጨርቅ!

አሁን ወደ ሳንባው። ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም በ1667 የተነፈሰ ሳንባ ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ጻፈ። በ1680ዎቹ መጀመሪያ ዮሐንስ ሽራየር የሚባል የጀርመን ሐኪም በዛይትስ ከተማ ነገሩን ለፍርድ ቤት ማስረጃ አደረገው። ሳንባው ከሰመጠ ሕፃኑ አልተነፈሰም፤ ከተንሳፈፈ ተንፍሷል። ቀላል ይመስላል አይደል?

እስቲ ማድ ቤት እንግባ። ምሳሌው ለርዕሱ ቀለል ይላል፣ ይቅርታ፣ ግን ከዚህ የተሻለ የለኝም። አሁን የተቦካ ቡኮ ቆርጣችሁ ውኃ ውስጥ ጣሉት። ይሰምጣል፤ ድፍን ነው። ያልተነፈሰ ሳንባ እንደዚያ ነው። የተጋገረውን ድፎ ቁራሽ ጣሉት፤ ይንሳፈፋል፤ ውስጡ ዓይን በዓይን ነው። የተነፈሰ ሳንባም እንዲሁ። እስከዚህ ሽራየር ትክክል ነው። አሁን ያንን ቡኮ ሸፍናችሁ እስከ ነገ አሳድሩት። ኩፍ አለ! ከላዩ ቆንጥራችሁ ውኃ ውስጥ ጣሉት። ተንሳፈፈ! ማን ጋገረው? ማንም። እርሾው ነው አየር የሞላው። አስከሬንም ሲቆይ እንደዚያ ነው፤ ብስባሹ ጋዝ ይሠራል፣ አንድም ጊዜ ያልተነፈሰ ሳንባ ኩፍ ይላል። ኩፍ ያለውን ሊጥ ስትጫኑት ግን ፍስስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ዳቦው ተጨምቆም ዓይኑ አይጠፋም። ይህቺን ያዙልኝ።

አሠራሩን ቶሎ ልበለው፤ ስለ አስከሬን ምርመራ የሠራነውን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያላያችሁ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ እዩት። የአየር ቧንቧው ይታሰራል፤ ሳንባው ከነልቡ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ ሳንባ ለብቻው፣ ከዚያ ክፍል ክፍሉ፣ በመጨረሻ ትንንሽ ቁራጮች። ቁራጮቹ ይጨመቁና እንደገና ይሞከራሉ። ተጨምቆ ከሰመጠ የብስባሽ ጋዝ ነው፤ ተጨምቆም ከተንሳፈፈ ሳንባው አየር አስገብቷል።

ባለፈው ቪዲዮ ሥር ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ "እንግዲያው ከተንሳፈፈ ገድላዋለች ማለት ነው" ያላችሁት! ኧረ አይደለም! ተንፍሷል ማለት ሌላ፣ በሕይወት ተወልዷል ማለት ሌላ፣ ተገድሏል ማለት ደግሞ ሌላ። አዋላጅ ሕይወት ሊዘራበት ብሎ አፉ ውስጥ ከተነፈሰበትስ? አየር ገባ። ጭንቅላቱ ወጥቶ አንዴ ተንፍሶ፣ ቀሪው አካሉ ሳይወጣ ቢሞትስ? ይህን ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሃንተር ጽፎት፣ ከሞተ በኋላ በ1784 ታትሟል። የተገላቢጦሹም አለ፤ በሕይወት ተወልዶ ሳንባው በደንብ ሳይከፈት የሞተ ሕፃን፣ ወይም የሳንባ ምች የያዘው፣ ሳንባው ሊሰምጥ ይችላል። ስለዚህ የዛሬ ሐኪም በውኃ ሙከራ ብቻ አይፈርድም፤ የሳንባውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ ያያል፣ እትብቱን ያያል፣ ሆዱን ያያል። ሆዱ ውስጥ ወተት ከተገኘ ልጁ በሕይወት ለመቆየቱ ክርክር የለም። ማን ገደለው ለሚለው ግን ወተቱም መልስ የለውም።

የ1624ቱ ሕግ በ1803 ተሻረ። ከዚያ በኋላ ግድያውን ማስረዳት የከሳሽ ሥራ ሆነ፤ መውለዷን ብቻ የደበቀች እስከ 2 ዓመት ትታሰራለች። በ1922 እዚያው እንግሊዝ የወጣ ሕግ ደግሞ በወሊድ ምክንያት አእምሮዋ የተናጋ እናት "አዲስ የተወለደ" ልጇን ብትገድል በነፍስ ግድያ እንዳትሰቀል አደረገ። አዲስ የተወለደ ስንት ቀን ነው? ሕጉ አልተናገረም። በ1927 የ35 ቀን ሕፃን "አዲስ አይደለም" ተባለና እናቲቱ ሞት ተፈረደባት፤ በኋላ ቅጣቱ ተለወጠላት። በ1938 ገደቡ 12 ወር ሆነ።

በሕክምናው በኩል ሦስቱን አታደባልቁ። ከወለዱ በሦስተኛው ቀን አካባቢ የሚመጣው ሆደ ባሻነት ከግማሽ በላይ እናቶችን ይነካል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ድብርት ከዚያ ይረዝማል፣ ሕክምና ይፈልጋል። ሳይኮሲስ፣ ማለትም ያለውን ከሌለው የሚያምታታ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ግን ከ1,000 ወላዶች አንድ ወይም ሁለቷን ነው የሚይዝ፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት። አራሷ እንቅልፍ አጥታ የሌለ ድምፅ ከሰማች ዛሬውኑ ሆስፒታል፤ ነገ አይባልም። "አራስ ብቻዋን አትተዉ" የሚሉት እናቶቻችን ምክንያታቸው ሌላ ቢሆንም ምክሩ ወርቅ ነው።

ሕጉና ሕክምናው የሚተላለፉት እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ፊሊፕ ሬስኒክ በ1970 በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የተገደሉትን ለብቻ ለይቶ ሲያያቸው፣ እናቶቹ በአብዛኛው ያላገቡ፣ እርግዝናቸውን የደበቁ ወጣቶች ነበሩ፤ ሳይኮሲስ የያዛቸው ጥቂት። በፍርሃት የገደለችው እንግዲህ ለታመመችው በተሰፋ ሕግ ትዳኛለች።

የእኛስ? በእኛው አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 544 እናትየዋ በምጥ ላይ ወይም በቀጥታ ውጤቱ ሥር ሆና ከገደለች በቀላል እስራት ትቀጣለች ይላል። ቀላል እስራት እንደ መርህ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። "ወልዳ የገደለች አትከሰስም" የምትሉ፣ ትከሰሳለች። ከዚያ ሁኔታ ውጭ ከሆነ ደግሞ የተለመደው የግድያ ድንጋጌ ይጠብቃታል። አእምሮዋ ተናግቷል አልተናጋም ብሎ እንደ እንግሊዙ አይጠይቅም፤ ለእኔ በዚህ የእኛው ይሻላል።

እንግሊዞቹ ይኸው እስከ ዛሬ በ1938ቱ ሕግ ይሠራሉ። አእምሮን ያናጋል ብሎ ከወሊድ ጎን የጻፈው ሁለተኛው ምክንያት ምን መሰላችሁ? የጡት ወተት ማምረት!