ርካሹ የበር ደወል ካሜራ፦ ከእናንተ ሌላ ማን ያያል?

[በር ላይ የተገጠመ ደወል በቅርብ ይታያል]

ሰላም ናችሁ? ዛሬ የማወራው ስለዚህች ትንሽ ዕቃ ነው፤ ካሜራ ስላላት የበር ደወል። ሰው ሲጫናት ምስሉ ስልካችሁ ላይ ይመጣል። ሥራ ቦታ ሆናችሁም «ማን ነው?» ብላችሁ ታናግሩታላችሁ። ኦንላይን 30 ዶላር አካባቢ ትገኛለች፣ ቅናሽ ሲኖር ደግሞ ከዚያም ትወርዳለች።

ለአክስቴ አንዷን የገጠምኩላቸው እኔ ነኝ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ቦታ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ማን እንደሆነ ሳያዩ በር እንዳይከፍቱ ብዬ ነው የገዛሁላቸው። ዋጋዋን አየሁ፣ ኮከቦቹን አየሁ፣ አዘዝኩ። ማን እንደሠራት ግን አላየሁም። አፑ የማን እንደሆነም አልጠየቅኩም። ይህንኑ ዕቃ ለእናቱ ወይም ለእህቱ የገዛ ብዙ ሰው ስለማውቅ ነው በኋላ የደረስኩበትን ዛሬ የምነግራችሁ።

በፈረንጆቹ የካቲት 2024 ኮንሲውመር ሪፖርትስ የሚባለው፣ ዕቃ እየገዛ የሚፈትሽ የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት፣ ኢከን እና ታክ በሚሉ ስሞች የሚሸጡ ደወሎችን ፈትሾ ያገኘውን ይፋ አደረገ። ስማቸው ይለያይ እንጂ ዕቃው አንድ ነው። የሚሠራቸው ቻይና ውስጥ ሸንዠን ከተማ ያለው ኢከን ግሩፕ ነው፤ የሚሠሩትም አይዊት በሚባል አፕ ነው። ሌላ ስም ተለጥፎባቸው የሚሸጡ፣ ቁርጥ እነሱን የሚመስሉ ቢያንስ 10 ደወሎችም ተገኝተዋል። አማዞን፣ ዋልማርት፣ ሺን እና ቴሙ ላይ ይሸጡ ነበር። እንዲያውም አንዳንዶቹ አማዞን ላይ «የአማዞን ምርጫ» የሚል ምልክት ነበራቸው።

ችግሩ ምን ነበር መሰላችሁ?

[አንድ ጣት ደወሉን ተጭኖ ይቆያል፤ ከጎኑ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራል]

8 ሰከንድ። በራችሁ ላይ የቆመ ሰው አፑን ስልኩ ላይ ጭኖ፣ አካውንት ከፍቶ፣ ደወሉን 8 ሰከንድ ተጭኖ ከያዘው፣ ደወሉ ከአዲስ ስልክ ጋር ለመገናኘት ዝግጁ ይሆናል። ከዚያ የእሱ ሆነ ማለት ነው። ካቻቢቴ አላስፈለገው፣ ፓስዎርድ አልሰበረ። እናንተ ኢሜይል ይደርሳችኋል፣ ደንግጣችሁ መልሳችሁ ከራሳችሁ ስልክ ጋር ታገናኙታላችሁ፣ አለቀ ትላላችሁ። አላለቀም። ሰውዬው በዚያች ደቂቃ የዕቃውን መለያ ቁጥር አግኝቷል። በዚያ ቁጥር ብቻ፣ ሌላ አገር ቢሆን እንኳ፣ ካሜራው የሚያነሳቸውን ፎቶዎች ማየት ይችላል። ፓስዎርድ አይጠየቅም፣ ለእናንተም መልእክት አይመጣም። ቁጥሩን ለጓደኛው ከሰጠው ጓደኛውም ያያል።

በዚህ ላይ ደወሉ የቤታችሁን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የምትታወቁበትን ቁጥር፣ እና የዋይፋያችሁን ስም ሳያመሰጥር ኢንተርኔት ላይ ይለቅ ነበር።

ይህን ስትሰሙ ሌባ ብቻ አትሰቡ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌባው አይደለም። ከሚመታት ባል ሸሽታ፣ ልጆቿን ይዛ አዲስ ቤት የገባች ሴት አስቡ። ይህን ደወል የምትገዛው በፍርሃት ነው፤ ውድ የሆነውን ለመግዛት ደግሞ አቅሙ የላትም። ሰውዬው አንድ ቀን ማንም በሌለበት በሩ ላይ 8 ሰከንድ ቢቆም፣ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ፣ ልጆቹን ማን እንደሚያመጣቸው፣ ማን እንደሚጠይቃት ፎቶ በፎቶ ያያል። ይጠብቀኛል ብላ የሰቀለችው ዕቃ ራሱ እሷን ለእሱ ይጠብቅለታል።

ኩባንያው በኋላ ችግሩን አስተካክሏል፤ ሚያዝያ 2024 ላይ ኮንሲውመር ሪፖርትስ አረጋግጧል። ስለዚህ አይዊት አፕ ካላችሁ ቪዲዮውን አቁሙና የደወሉን ሶፍትዌር ቁጥር እዩት፤ 2.4.1 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ካልሆነ አፕዴት አድርጉ።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ኤፍሲሲ የሚባለው የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኅዳር 2024 ላይ ኢከንን 734,872 ዶላር ለመቅጣት ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱስ? ውጭ አገር ያለ አምራች እንዲህ ያለ ዕቃ አሜሪካ ውስጥ ለመሸጥ ተጠሪ ሊኖረው ይገባል፤ ኮሚሽኑ እንዳለው ድርጅቱ ያስመዘገበው የተጠሪ አድራሻ ትክክል አልነበረም። መንግሥት ፈልጎ ያጣውን እኔና እናንተ ማን ጋ ሄደን እንከሳለን?

[ስልክ ላይ ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ]

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። 30 ዶላሩ መግቢያው ነው። ብዙዎቹ ደወሎች ካልከፈላችሁ የሚያሳዩት የአሁኑን ብቻ ነው፤ ትናንት ማታ ማን እንደመጣ ለማየት በየወሩ መክፈል አለባችሁ። በወር 4 ዶላር ቢሆን በ3 ዓመት 144 ዶላር ነው፤ የዕቃው አምስት እጥፍ ገደማ። ክፍያው ደግሞ ይጨምራል። የአማዞን የሆነው ታዋቂው የደወል ኩባንያ ሪንግ መሠረታዊውን ወርሃዊ ክፍያ መጋቢት 2024 ላይ ከ3.99 ወደ 4.99 ዶላር አሳድጎታል። ደወሉ አንዴ በር ላይ ተሰቅሏል፣ ምን ታደርጋላችሁ? ትከፍላላችሁ። ስማቸው የማይታወቀው ደግሞ አንድ ቀን ሰርቨራቸውን ዘግተው ቢጠፉ ደወሉ ተራ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ውድ ሲሆን ይሻላል? ሁልጊዜ አይደለም። ግንቦት 2023 ኤፍቲሲ፣ የንግድ ሥራን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ ኮሚሽን ማለት ነው፣ ሪንግን ከሶ ጉዳዩ በ5.8 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘግቷል። ክሱ አንድ የሪንግ ሠራተኛ በ2017 ቢያንስ የ81 ሴቶችን ቪዲዮዎች በሺዎች የሚቆጠሩ አይቷል ይላል፤ ካሜራዎቹም መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያሉ ነበሩ። ዋይዝ የሚባለው ሌላ የካሜራ ኩባንያ ደግሞ የካቲት 2024 ላይ ባጋጠመው ችግር 13,000 የሚሆኑ ደንበኞች የሌላ ሰው ካሜራ ምስል ስልካቸው ላይ መጥቶላቸዋል። ልዩነቱ እነዚህን ከስሶ ለሸማቹ ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል፤ ከሪንግ የተወሰደው 5.6 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞቹ ተመልሷል።

ድምፅንም አትርሱ። ደወሉ ጎረቤታችሁ ደጅ ላይ ቆሞ በስልክ የሚያወራውን ሊቀዳ ይችላል። በ2021 እንግሊዝ ኦክስፎርድ ውስጥ አንድ ሰው በዚህ ምክንያት በጎረቤቱ ተከሶ ተረትቷል፤ ዳኛዋ ድምፁ የሚቀዳበት ርቀት ከምስሉም የባሰ መሆኑን ተናግረዋል። ብዙዎቻችን የምንኖርበት ሜሪላንድ ደግሞ የግል ንግግር ለመቅዳት የሁሉንም ተናጋሪዎች ፈቃድ ይጠይቃል።

የአክስቴን ደወል ባለፈው ወር አወረድኩት። በምትኩ ሚሞሪ ካርድ የሚገባበትን፣ የሠራው ኩባንያ አድራሻው የሚታወቀውን ገዛሁ፤ ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው። ደወሉን ከስልካቸውና ከኮምፒውተራቸው ለይቼ፣ ለእንግዳ ተብሎ በሚከፈተው ሌላ ዋይፋይ ላይ አደረግኩት። ድምፁን አጠፋሁ። አካውንቱ ሲከፈት ስልካቸው ላይ የማረጋገጫ ቁጥር እንዲመጣ አደረግኩ። ካሜራውን ወደ ደረጃው ብቻ አዞርኩት፣ ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤት ልጆቻቸው በረንዳ ላይ ይጫወታሉ።

እሳቸውም «አሮጌውን ለዚያች አዲስ ለመጣችው ልጅ ስጣት፣ ብቻዋን ናት» አሉኝ። አልሰጠኋትም። ከአካውንቱ ሰረዝኩት፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚጣልበት ቦታ ወስጄ ጣልኩት። ለልጅቷም እንደ አዲሱ ዓይነት ገዝተን ቅዳሜ ሄደን ገጠምንላት።