ሜሪላንድ የማን ወገን ነበረች?

የተከበራችሁ የሲልቨር ስፕሪንግና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መጥተው «በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሜሪላንድ የሰሜን ወገን ነበረች»፣ ማለትም ከተገንጣዩ ደቡብ ሳይሆን ከሊንከን መንግሥት ጋር ቆመች ሲሉን እሰይ ብለን እናልፋለን። ዛሬ የቆምኩት ይህን አባባል ልሞግት ነው።

ካርታውን አስቡት። ዋሽንግተን ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ፣ በቀረው ጎኗ ሁሉ ሜሪላንድ ናት። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1861 ልገንጠል አለች። ሜሪላንድ ብትከተላት ፕሬዚዳንት ሊንከን ከነመንግሥቱ ተከቦ ይቀር ነበር።

ከሰሜን የሚመጣው ጦር ደግሞ ማለፊያው ባልቲሞር ነው። ያኔ ባልቲሞር ላይ የባቡሩ መስመር ይቋረጥ ነበር። የፊላደልፊያው ባቡር ፕሬዚደንት ስትሪት ጣቢያ ያበቃል፤ የዋሽንግተኑ ከካምደን ጣቢያ ይነሣል፤ በመካከላቸው ከአንድ ማይል ጥቂት የሚበልጥ መንገድ አለ። በከተማው መሀል የእንፋሎት ባቡር መንዳት ክልክል ስለነበር ፉርጎዎቹ እየተፈቱ በፈረስ ተጎትተው በፕራት ስትሪት ያልፋሉ። ኤፕሪል 19 ቀን የማሳቹሴትስ 6ኛ ሬጅመንት ደረሰ። የፊተኞቹ ፉርጎዎች አለፉ። ከዚያ ሕዝቡ ሐዲዱ ላይ አሸዋ ደፋ፣ ከወደቡ የመርከብ መልሕቅ ጎትቶ አጋደመበት። ወደ ኋላ የቀሩት 220 ያህል ወታደሮች ወርደው በእግራቸው ገቡበት። ድንጋይ ወረደባቸው፤ ተኩስ ተከፈተ። 4 ወታደሮችና 12 የከተማው ሰዎች ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ በስተሰሜን ያሉት የባቡር ድልድዮች ተቃጠሉ፤ ያውም በከተማው ሹማምንት ትእዛዝ! ይህ ነው የሰሜን ወገንነት?

በእርግጥ የሜሪላንድ ምክር ቤት በዚያው ወር መገንጠልን 53 ለ13 ጥሎታል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ሜይ 13 ቀን የሰሜኑ ጄኔራል በትለር ፌደራል ሂል የተባለው የባልቲሞር ኮረብታ ላይ ወጥቶ መድፉን ወደ ከተማዋ አዙሯል፤ በሴፕቴምበርም ለደቡብ ያደላሉ የተባሉ የምክር ቤት አባላት ታስረዋል። መድፍ የተደገነበት ታማኝነት በፍቅር የመጣ አይባልም።

ባርነቱስ? በ1860 ቆጠራ በዚህች ግዛት 87,000 ያህል ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። የጃንዋሪ 1863ቱ የሊንከን የነፃነት አዋጅ ያመፁትን ግዛቶች እንጂ ሜሪላንድን አልነካም። ነፃ የወጡት ኖቬምበር 1 ቀን 1864 ነው፤ በሕዝብ ድምፅ 30,174 ለ29,799። ልዩነቱ 375 ድምፅ! የሰው ልጅ ይሸጥ አይሸጥ ተብሎ 375 ድምፅ! ያም ቢሆን በጦር ሜዳ ያሉ ወታደሮች ድምፅ ባይጨመር ኖሮ ይወድቅ ነበር።

እንደ ሜሪላንድ በሰሜንና በደቡብ መካከል የነበረችው የባርነት ግዛት ኬንታኪ ገለልተኛ ነኝ ብላ ነበር። በሴፕቴምበር 1861 የደቡቡ ጦር ኮሎምበስን ሲይዝ ገለልተኝነቷ አበቃ፤ ወደ ሰሜን ዞረች። ባርነትን ግን እስከ ዲሴምበር 1865 አልለቀቀችም። ደላዌርም እንዲሁ።

የሁለቱ የባልቲሞር ጣቢያዎች ሕንፃ ዛሬም ቆሟል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ በፕራት ስትሪት ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ሂዱ፤ መልሕቁ የት ላይ እንደተጋደመ አስቡ፤ ከዚያ ጥያቄውን መልሳችሁ ጠይቋቸው።

አመሰግናለሁ።