ደረሳን የሚያበላው ማን ነው? የወሎ የመስጊድ ትምህርት አሠራር

[ምስል፦ ኮረብታ ላይ ያለ መስጊድና በዙሪያው ያሉ ትናንሽ ጎጆዎች]

በወሎ ገጠር መስጊድ ከበው የሚታዩት ትናንሽ ጎጆዎች ብዙ ጊዜ የደረሳ ማደሪያ ናቸው። ደረሳ ዒልም (የሃይማኖት ዕውቀት) ፍለጋ ከቤቱ ወጥቶ ሸህ ዘንድ የተቀመጠ ተማሪ ነው። እነ ጀማ ንጉሥና ዳና የሚባሉት የወሎ የትምህርት ማዕከሎች ስማቸው የገነነው በዚሁ መንገድ ነው፦ ዓሊሙ (የሃይማኖት ሊቁ) ያቀራል ማለትም ያስተምራል፣ ደረሳው ይቀራል ማለትም ይማራል፣ መንደሩ ያበላል።

[ምስል፦ ሉሕ የያዘ ልጅ]

መጀመሪያ ቁርአን ነው። ልጁ ሐርፍ (የዐረብኛ ፊደል) ይለይና ከመክፈቻው ሱራ (ምዕራፍ) ከፋቲሐ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ካሉት አጫጭር ሱራዎች ወደ ረጃጅሞቹ ይሻገራል። የሚጽፈው ሉሕ በሚባል በተላገ ጣውላ ላይ ነው። ቀለሙ ጥላሸት ከሙጫ ጋር በውሃ ተበጥብጦ ይሠራል። ሙጫው ካነሰ ጽሑፉ እጅ ሲነካው ይለቃል፤ ከበዛ ብዕሩ ላይ ይጓጉላል። ሉሑ የሚታጠበው ልጁ ሳያይ በቃሉ ለመምህሩ ካሰማ በኋላ ነው። ሳይዝ ካጠበው መመለሻ የለውም፤ እንደገና ይጻፍለታል።

ቁርአን ያኸተመ (ቀርቶ የጨረሰ) ወደ ኪታብ፣ ማለትም ወደ ሃይማኖት መጻሕፍት ይገባል። ፊቅሁ (የሃይማኖት ሕጉ) በብዙ ቦታ በሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ዘርፍ) ነው፤ ከጠሃራ (ንጽሕና) ና ከሶላት ተነስቶ እስከ ኒካሕ (ጋብቻ) ና ውርስ ይዘልቃል። ከዚያ ነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው) ይመጣል፤ የበረታው 1,000 ያህል ስንኝ ያለውን አልፊያ የተባለ የሰዋስው ግጥም በቃሉ ይይዛል። ተፍሲር (የቁርአን ትርጓሜ) ና ሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ተግባር) ይቀጥላሉ። ሸሁ ዐረብኛውን ሐረግ በሐረግ እያነበበ በአማርኛ ይፈታል፤ የቀደመው ደረሳ ደግሞ ለጀማሪው ይደግምለታል። ብዙ ደረሳ የሚሰናከለው ነሕው ላይ ነው። ሰዋስው ሳይገባው ወደ ተፍሲር የዘለለ የሸሁን ትርጉም ይሸመድዳል እንጂ አዲስ ገጽ ብቻውን መፍታት አይችልም። አንድ ሸህ ሁሉን ስለማያቀራም ለፊቅህ አንድ አገር፣ ለነሕው ሌላ አገር ይኬዳል።

[ምስል፦ አውድማ፣ እህል ሲሰፈር]

መንደሩ በበኩሉ ብዙ ጉዳዩን ይዞ የሚመጣው እዚሁ ሸሁ ዘንድ ነው። ኒካሕ ሲታሰር ወሊይ (የሙሽራዋ ወኪል ዘመድ) ና ሁለት ምስክር መኖሩን ሸሁ ያረጋግጣል። ሰው ሲሞት ውርሱ ይሰላል፦ ልጆች ያሉት ባል ከሞተ ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ የሟቹ ወላጅ ከሌለ የቀረው ለወንድና ለሴት ልጆቹ፣ ለወንዱ የሴቷ እጥፍ። ግን ዕዳና ኑዛዜ ሳይወጣ ማካፈል አይቻልም፤ ጠብ የሚነሳው በአብዛኛው ይህ ሲዘለል ነው። ደም ሲፈስም አበጋሮች የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች በዱዓ (ጸሎት) ያስታርቃሉ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይቀመጥበታል። ይህን የወሎ ሀብት እንዲሁ በዋዛ ማየት አይገባም።

እህሉም በሒሳብ ነው። ምርቱ 650 ኪሎ ገደማ ከደረሰ ዘካ (ለችግረኞች የሚሰጥ ግዴታ ምጽዋት) ይወጣበታል፦ በዝናብ ከበቀለ አንድ አሥረኛ፣ በወጪ በመስኖ ከለማ አንድ ሃያኛ። አሥር ኩንታል ጤፍ ያገባ ገበሬ በመጀመሪያው አንድ ኩንታል፣ በሁለተኛው ሃምሳ ኪሎ ይሰጣል። ለበግና ለፍየል መነሻው 40 ነው። ችግረኛ ደረሳ ከተቀባዮቹ አንዱ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ሸሆች በመሬታቸው ደረሳ የሚያበሉበት አቅም ተመናመነ። ሸክሙ ይበልጥ በዘካና በጎረቤት እንጀራ ላይ ወደቀ። ዛሬ ደግሞ ልጆች ቀን መደበኛ ትምህርት ቤት ስለሚውሉ በብዙ ቦታ ቂርአቱ (ትምህርቱ) ከሱብሒ (የንጋት ሶላት) በኋላና ከዐስር (የከሰዓት ሶላት) በኋላ ይሆናል። የነሕው ኪታብ በየዕለቱ ካልተደገመ ስለሚረሳ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ ልጅ ብዙም አይገፋም።

ከከተማም ሆነ ከውጭ አገር ሆናችሁ ለማገዝ ካሰባችሁ፣ እህሉን ሐምሌ ከመግባቱ በፊት አድርሱ። ክረምት የጎተራ ማለቂያ ነው፣ መንገዱም ይጨቀያል። ኪታብ ከመግዛታችሁ በፊት ደረሳው የትኛውን እየቀራ እንደሆነ ሸሁን ጠይቁ፤ እትሙም ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ገጹ ከተለያየ አንዱ ሲያነብ ሌላው ቦታውን ሲፈልግ ደርሱ (ትምህርቱ) ያልፋል።